ለለቅሶ የመጣው ስኳር

ባለቤቴ የሞተች ሰሞን ቤታችን በስኳር ሞላ። እዚህ ሞያሌ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ቦረናውም፣ ሶማሌውም፣ ከወዲያ ማዶ ከኢትዮጵያ ተሰደን መጥተን የቀረነውም ስኳር ይዘን ነው የምንገባው። ለቀስተኛ ሻይ ይጠጣል፤ የእኛ አገር ሻይ ደግሞ ያለ ስኳር ሻይ አይባልም። እኔ ስኳር አለብኝ፣ በሽታውን ማለቴ ነው። ጥግ ተቀምጬ ከረጢቱ ሲደረደር አያለሁ። ለእሷ ሞት የመጣው ሁሉ ለእኔ የተከለከለ።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች በሽታው ሲጠናብኝ፣ ናይሮቢ ያለችው ልጃችን ሐኪሜን አማክራ ኬቶ የሚሉትን አመጋገብ አስጀመረችኝ። እንጀራ የለ፣ የበቆሎ ገንፎው ኡጋሊ የለ፣ ሩዝ የለ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ጎመን። ለሻዩ ደግሞ ቻይና ከሚበቅል ፍሬ የተሠራ ነጭ ዱቄት በአውቶቡስ ላከችልኝ።

"የመነኩሴ ፍሬ ይባላል። ያጣፍጣል እንጂ ስኳር አይደለም" አለችን በስልክ።

ባለቤቴ ሳቀች። "የምን መነኩሴ ነው ደግሞ ሥጋና ቅቤ የሚያበላ?"

የመጀመሪያውን ቀን ሻዩን እንደለመደችው አፈላች። እኛ ሰፈር ስኳር በየስኒው አይጨመርም፤ ማንቆርቆሪያው እሳት ላይ እያለ በብርጭቆ ይገለበጥበታል። ዱቄቱንም በብርጭቆ ገለበጠችው። ከጎልቦ ወተት የምታመጣልን ሴት ፉት ብላ ምሬቱን ተፋችው።

"ሙዜ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ሚስትህ ልትገድልህ ነው እንዴ?"

"ቆይ፣ መጀመሪያ ቅቤውን ይጨርስ" አለች ባለቤቴ።

ልጃችን ስትሰማ ጮኸች። "እማዬ! ቁንጥር ይበቃዋል!" ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ በጥፍሯ ጫፍ ቆንጥራ ጣል ታደርግበት ነበር። ልኩን አገኘችው።

ለራሷ ግን አልተስማማትም። ምላስ ላይ የሚቀር ነገር አለው፣ ስትውጠው ፊቷ ያስታውቃል።

"ላንቺ በስኳር አፍዪ፣ ማን ከለከለሽ?" አልኳት።

"በአንድ ቤት ሁለት ማንቆርቆሪያ የሚጣደው ባልና ሚስት ሲኮራረፉ ነው። ተኳርፈናል?"

"አልተኳረፍንም።"

"እንግዲያው ዝም ብለህ ጠጣ።"

ያን ያህል ስኳር የምትወድ ሴት እስክትሞት የእኔን ሻይ ጠጣች። ትኩሳት ነው የወሰዳት። በሽተኛው እኔ ነበርኩ፤ እሷ ቀደመችኝ።

በለቅሶው ጎረቤቶች በትልቅ ድስት ሻይ አፈሉ። ያቺው የጎልቦ ሴት አንድ ብርጭቆ አመጣችልኝ፤ ሐዘን አስረስቷት ነው። ተቀበልኳት። ከእንግዲህ ለማን ብዬ ነው የምጠነቀቀው? አልኩ በሆዴ። ወደ አፌ ሳስጠጋው ከናይሮቢ ለቀብሩ የመጣችው ልጄ እጄን ያዘችኝ።

"አባዬ፣ ተው።"

"ልቀቂኝ። እናትሽ ሞታለች።"

"አንተንስ? አንተንም አሁኑኑ ልቅበር?"

እልኸኛ ነኝ፣ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ያም ሆኖ ብርጭቆውን ሰጠኋት። ጓዳ ገብታ የእናቷን ማንቆርቆሪያ ጣደች፣ ከዱቄቱም ጨመረች። በዝቶ መረረ። ደግማ አፈላች፤ አሁን ደግሞ አንሶት አፍ የሚያጣብቅ ሆነ። ልኩ በእናቷ ጥፍር ነበር፣ ለማንም አላሳየችውም። ልጄ እስከዚያ ሰዓት እንባ አልወጣትም ነበር። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ አለቀሰች።

አሁን ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ሰፈራችን ወይም ቀጥሎ ባለው ቡቲዬ ሰው ሲሞት ከዚያ ከለቅሶው ስኳር እያነሳሁ ይዤ እሄዳለሁ። ለእሷ የመጣው ለሌላው ይድረስ። ጠዋት ጠዋት ያንኑ ማንቆርቆሪያ እጥዳለሁ፤ ውሃው ሁልጊዜ የሁለት ሰው ይሆንብኛል። ጥፍሬም ወፍራም ነው፣ አንዴ ያንሳል፣ አንዴ ይበዛል።

ልጄ ትደውላለች። "አባዬ፣ ዛሬስ ሻዩ ጣፈጠ?"

"አልጣፈጠም" እላታለሁ። "ጠጥቼዋለሁ ግን።"