እጅጌዬን የሰበሰብኩበት ቀን

ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ካለችው የልብስ ስፌት ሱቄ ፖሊሶች ሲወስዱኝ ሜትሩ አንገቴ ላይ ነበር። ጥፋቴን አልነገሩኝም። የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ የተዘረጋ እግር ብቻ። ሰብሰብ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሶላት በፊት ለውዱእ ልታጠብ እጅጌዬን ስሰበስብ ክርኔን አዩት። ቀልቷል፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ነጭ ነጩ ይረግፋል። ከጎልማሳነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ነው፤ ስጨነቅ ይብሳል። እዚያ እስከ ጣቶቼ ድረስ ወርዶ ነበር።

«ቁምጥና ነው» አለ አንዱ ቀስ ብሎ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ካቦው፣ የክፍሉ አለቃ። «ብዙ ሰው ነን። ለብቻዎ ይብሉ።»

እዚያ ከየቤቱ የመጣው ምግብ አንድ ላይ ይቀርባል፤ ሁሉም ከአንድ ሰሃን ይበላል። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ ለብዙ ሰው አስባ የምትልከውን የሚነካ ጠፋ። የውሃውን ጆግ እንኳ ከእኔ በኋላ በሳሙና ያጥቡታል። ምግቡ ቢመለስላት ታሟል ብላ እንዳትጨነቅ፣ ከአቅሜ በላይ በላሁ።

ከሳምንት በኋላ አንድ ነርስ አስረው አስገቡ፤ ከጎጃም መጥቶ ሐረር የተመደበ ጎልማሳ። ብቻዬን ስበላ አይቶ መጣና ክርኔን በጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄ አይተላለፍም» አለ ጮክ ብሎ። «ቁምጥናም አይደለም። ሰውነት በሽታ የሚከላከልለት ጠባቂ አለው። የአባባ ጠባቂ ተሳስቶ የገዛ ቆዳቸውን ጠላት ነው ብሎ ይመታዋል። ቆዳው የሚቆጣው ለዚህ ነው።»

«ይድናል?» አልኩት።

«ጨርሶ አይድንም፣ አባባ። ግን ይተኛል። ቅባት ይቀቡት። ጭንቀትም ይቀንሱ።»

«እዚህ?»

ከወዲያ ጥግ አንድ ጫት ነጋዴ «ወላሂ፣ እኛንም እዚህ ያስገባን ይሄው የጠባቂ በሽታ ነው!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ካቦው ግን አልሳቀም።

ምሳ ቀረበ። እስከዚያ ድረስ በዚያ ሙቀት እጅጌዬን አውርጄ ነበር የምውለው። ያን ቀን እስከ ክርኔ ሰበሰብኩት። ታጥቤ ወደ ሰሃኑ ተጠጋሁ፤ ቢስሚላህ ብዬ ጠቀለልኩና ለካቦው ዘረጋሁለት። ጣቶቼን አያቸው።

አፉን ከፈተ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ አባባ» አለ እያኘከ።

ደገምኩለት።

ከተፈታሁ ቆየሁ። ሕመሙ ይተኛል፣ ይነሳል፤ ብርድ ሲገባ ይረግፋል። ጨርቅ ይዛ የመጣች ደንበኛ ክርኔን አይታ ስታመነታ «አይተላለፍም፣ እህቴ» እላታለሁ። አንዳንዷ ትቀመጣለች፣ አንዳንዷ ጨርቋን ይዛ ትሄዳለች። አልቀየማትም፤ ሰው ያላወቀውን ይፈራል። እጅጌዬን ግን አላወርድም።