መርዶ ነጋሪ የመሰልንበት ጠዋት

ይህ የገጠመኝ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ዛሬም በማለዳ የሰው በር ማንኳኳት ሲኖርብኝ ትዝ ይለኛል፤ መጀመሪያ ያስቀኛል፣ ቀጥሎ ያስተክዘኛል።

ያኔ በሳይኮሎጂ ተመርቄ በአንድ ሆስፒታል ረዳት ሳይኮሎጂስት ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ ከበሽተኞች ጋር ሳይሆን ከነርሶች፣ ከሐኪሞችና ከጽዳት ሠራተኞች ጋር ነው። ሥራው ሲከብዳቸው መጥተው የሚያወሩባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችን። ፈረንጆቹ ይመጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ አመስግነው ይሄዳሉ። የኛ ሰዎች ግን በበሩ ሲያልፉ እንኳ እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። አንዱ ወዳጄማ "ከዚያ ክፍል ሳልወጣ ማበዴ ፌርፋክስ ላይ ይወራል" ብሎኛል። አልፈረድኩበትም። የኛ ሰው በሚሰበሰብበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያኔ ምግብ ቤቶቻችን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ወሬው ግን ለሁሉም ይዳረስ ነበር።

አረጋውያን በሚተኙበት ክፍል ወይንሸት የምትባል የነርስ ረዳት ነበረች፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች ልጅ። በድንገት ዝምተኛ ሆነች፤ ከዚያም ጭራሽ ከሥራ ቀረች። ስልክም አታነሳም። የክፍሉ ኃላፊ "እስከ ሰኞ ካልመጣች ትሰናበታለች" አለችን። ወይንሸት አዲስ አበባ ያሉትን እናቷንና ወንድሞቿን የምትረዳው በዚያች ደመወዝ ነው። አለቃዬ "የአገርህ ልጅ ናት፣ እስቲ አንተ ሞክር" አለችኝ።

እኔ ደግሞ ወንደላጤ ነኝ። ብቻዬን የሴት ልጅ በር ባንኳኳ ሌላ ወሬ ይሆናል። ስለዚህ የሚያውቋትን ሁለት ታላላቆች ለመንኩ። ጋሼ ተካልኝ በአንድ ሆቴል የመኪና ማቆሚያ፣ እትዬ ዘነበች ደግሞ ፌርፋክስ ላይ ባለ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራሉ። "ትንሽ አሟታል፣ እንጠይቃት" ከማለት ሌላ ምንም አልነገርኳቸውም።

"ኦኬ፣ ግን ሺፍቴ በጠዋት ነው የሚጀምረው" አሉ ጋሼ ተካልኝ። "ከሥራ በፊት ጎራ እንበልላት።"

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ኮሪያታውን ሰፈር ያለው አፓርትመንቷ ደረስን። ጋሼ ተካልኝ የሥራ ልብሳቸውን፣ ጥቁር ኮትና ጥቁር ከረባት፣ ግጥም አድርገው ለብሰዋል። እትዬ ዘነበች ብርዱን ፈርተው ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። እኔ እንቅልፍ ስላልጠገብኩ ዓይኔ ቀልቷል። በዚያ ዘመን ከአገር ቤት መርዶ ሲመጣ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ አልነበረም፤ ታላላቆች ተሰብስበው፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ በማለዳ በር ያንኳኳሉ። ሦስታችንም ይህን እያወቅን ምን መስለን እንደቆምን ልብ አላልንም።

ወይንሸት በሩን ከፈተች። ጋሼን አየች፣ እትዬን አየች፣ እኔን አየች።

"እማዬ ናት?" አለች። መልስ ሳትጠብቅ ወለሉ ላይ ወደቀች።

"ኧረ ደህና ናቸው፣ ማንም አልሞተም" እላለሁ። ማን ሰምቶኝ። መርዶ ነጋሪስ መጀመሪያ "ደህና ናቸው፣ ትንሽ አሟቸው ነው" አይደል የሚለው? ጭራሽ ባሰባት። እትዬ ዘነበች ደግሞ እኔ የደበቅኳቸው ነገር ያለ መስሏቸው እሳቸውም ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሁለት ያገራችን ልጆች በሌሊት ልብሳቸው እያለቀሱ ወረዱ። ጎረቤቷ ሜክሲኳዊት እያማተበች ገባች።

በመጨረሻ ጋሼ ተካልኝ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "በማርያም እምላለሁ፣ እናትሽ ደህና ናቸው። እሱ አሞሻል ሲለን ልንጠይቅሽ ነው የመጣነው።"

እትዬ ዘነበች ደረታቸውን መምታት አቆሙ። ወይንሸት እኛን አንድ በአንድ አየችንና ሳቀች። እኛም ሳቅን። ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ እንደገና እንባዋ መጣ። ይሄኛው ግን ጩኸት አልነበረውም።

"የሞቱስ አሉ" አለች።

የሞቱት ሚስስ ዶሮቲ የሚባሉ አሮጊት በሽተኛዋ ናቸው። ጠያቂ አልነበራቸውም። ለወራት ያጠበቻቸው፣ ፀጉራቸውን ያበጠረችላቸው፣ ያጎረሰቻቸው እሷ ናት። እሷ እረፍት በወጣችበት ቀን አረፉ።

"በማግስቱ ቁርሳቸውን ይዤ ስገባ አልጋቸው ላይ ሌላ ሴት ተኝታለች። ማንም ምንም አላለኝም። ትሪውን እንደያዝኩ ሥራሽን ቀጥዪ አሉኝ፣ ቀጠልኩ። ዘመዴ አይደሉ፣ ምን ብዬ ላልቅስ?"

የተማርኩትን ጥያቄ ላነሳ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። "እንግዲያው ለቅሶ ነው የመጣነው" አልኩ። "እንቀመጥ።"

ተቀመጥን። ጋሼ ተካልኝ ሥራ ቦታቸው ደውለው ሰው ሞቶብኝ ነው፣ አረፍዳለሁ አሉ። ማን እንደሞተ ሲጠየቁ "ሚስስ ዶሮቲ" ብለው ስልኩን ዘጉ። ሜክሲኳዊቷ ዳቦ አመጣች። ወይንሸት አሮጊቷ ቤዝቦል በሬድዮ እየሰሙ ተጫዋቾቹን እንዴት እንደሚሳደቡ አስመስላ ስትነግረን፣ ለቀስተኛው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከቤቷ ስንወጣ ቀትር ሆኖ ነበር።

ሰኞ ወይንሸት ሥራ ገባች። እረፍት ስትወጣ እኛ ክፍል መጥታ በሩን እንኳ ሳትዘጋ አለቃዬን አንድ ነገር ለመነቻት፤ "ኦፍ ሆኜ ሰው ከሞተብኝ፣ ወደ ክፍሉ ሳልገባ አንድ ሰው ይንገረኝ።" አለቃዬ ከኃላፊዋ ጋር ተነጋግራ ለሁሉም ሠራተኛ እንዲሆን አደረገች። መንገሩም የእኔ ሥራ ሆነ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ሽማግሌ በሽተኛዋ እሷ በሌለችበት አረፉ። በማግስቱ ጠዋት የሠራተኞች መግቢያ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ከሩቅ አይታኝ እርምጃዋን ቀነሰች።

"ማን ናቸው?" አለች።

ስማቸውን ነገርኳት። ቦርሳዋን ለእኔ አስያዘችኝና ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወደ በሽተኞቿ ገባች። በዚያ ሆስፒታል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ጠዋት ግን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።