የማናንግ ፌሊሲንግ መስመር

ዴልፊን ጋሪላኦ የሆስፒታላችንን መቶ አርባ ኮምፒውተሮችና ሦስት ሰርቨሮች ለብቻው የሚጠብቅ ሰው ነው። በወረቀት ላይ ሲስተም አድሚኒስትሬተር ይባላል፤ እኛ ግን እንደ ታላቅ ወንድም ቆጥረን ኖንግ ዴልፊን እንለዋለን። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። ክፍሉ እኔ ከምሠራበት መዝገብ ቤት የሚለየው በአንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ የማወራው ያየሁትንና የሰማሁትን ነው።

ደብተር አለው። ሽፋኑ ላይ የጎሽ ሥዕል ያለበት ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ ይሰጣል። ጠዋት የዕለቱን ሥራ በየመስመሩ ይጽፋል፣ ያለቀውን ይሰርዛል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ያላለቀውን ሁሉ ወደ ነገው ገጽ በእጁ ይገለብጣል።

"ኖንግ፣ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር እየዋልክ ለምን በእጅ ትጽፋለህ?" ብዬ ጠይቄው ነበር። እሱ እኔን እንደ ታናሽ እህት ቆጥሮ ኢንዳይ ይለኛል።

"ኮምፒውተሩማ ራሱ ያሳልፍልኛል ኢንዳይ። ካሳለፈልኝ ደግሞ አላየውም። አንዱን ነገር አምስት ቀን በእጄ ስጽፈው ግን ይሰለቸኛል። ሲሰለቸኝ ተነስቼ እሠራዋለሁ።"

ጥሩ ዘዴ መሰለኝ። ችግሩ ከደብተሩ ሳይሆን ከኮሪደሩ ነበር።

ከክፍሉ እስከ ካፍቴሪያው ስልሳ እርምጃ ቢሆን ነው። እሱን ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጅበት ነበር።

"ኖንግ፣ አንዴ ብቻ! ፕሪንተሩ ወረቀት በላ።"

"እሺ።"

"ኖንግ፣ መቼም ወደዚያ እየሄድክ ነው፣ ፓስወርዴን ረስቼዋለሁ።"

"እሺ።"

"ኖንግ፣ የልጄን ስልክ ታይልኛለህ? ሥራህ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን..."

"እሺ፣ እሺ።"

ሉርዲታ የምትባል ነርስ አለች፤ ምላሷ አያርፍም። "ኖንግ፣ ሚስትህን እኮ ለጋብቻ የጠየቅካት አንተ አይደለህም፤ እሷ ጠይቃህ እሺ ብለህ ነው!" ስትለው ሰው ሁሉ ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቅና "አዎ፣ እሷም ፕሪንተር ይዛ ነው የመጣችው" ይላል።

እኛ ዘንድ ሰው ላደረገልህ ነገር በባዶ እጅ አታመሰግነውም። የተስተካከለለት ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ለመክሰስ ስንቀመጥ፣ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። አንዱ ፑቶ የሚባል የሩዝ ኬክ፣ ሌላው የተጠበሰ ሙዝ፣ ሌላው በዘንባባ ቅጠል የተጠቀለለ ኢቦስ የሚባል ሩዝ። ኖንግ ዴልፊን ደግሞ አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ለሌላው ስለሚጠራ፣ የቱን እንደጨረሰ የቱን እንደጀመረ ይምታታበታል። ስለዚህ ማንም ሳያስተምረው አንድ ልማድ አወጣ፦ ምግቡ ሲመጣ ያመጣውን ሰው ስም ከደብተሩ ይፈልግና መስመሩን ይሰርዛል። ሰው ካመሰገነ ሥራው አልቋል ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህ ልማድ አንድ ቀን እንኳ አላሳሳተውም።

እንደ ታላቅ እህት ቆጥረን ማናንግ የምንላቸው ፌሊሲንግ የደም ባንኩን ሠላሳ አንድ ዓመት የያዙ ሴት ናቸው። ነገሩ በሆነበት ወር መጨረሻ ጡረታ ሊወጡ ነበር። በአውራጃችን ደም የሚሰጡ ሰዎችን ሁሉ አንድ በአንድ በኮምፒውተራቸው አስፍረዋል፤ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። ስም፣ የደም ዓይነትና ስልክ ብቻ አልነበረም። ማን መርፌ ሲያይ እንደሚወድቅ፣ ማን ዓሣ ለማስገር በማይወጣበት ወራት ብቻ እንደሚገኝ፣ ማንን በሚስቱ በኩል መጥራት እንደሚሻል ሁሉ ጽፈውበታል። ደም የሚያስፈልገው ሰው ሲመጣ ማናንግ ዝርዝሩን ከፍተው ሦስት ስልክ ይደውላሉ፣ አራተኛ አያስፈልግም።

ያ ኮምፒውተር ያለው ከግቢው ማዶ፣ በአሮጌው ሕንፃ ውስጥ ነው። ኬብሉን አውሎ ነፋስ ከበጠሰው ወዲህ ከሰርቨሩ ጋር አልተገናኘም፤ መጠባበቂያ ቅጂም አልነበረውም። "የደም ባንኩን ኬብል መቀጠል" የሚለው መስመር በኖንግ ዴልፊን ደብተር ውስጥ ለአሥራ አንድ ወር ከገጽ ወደ ገጽ ሲገለበጥ ቆይቷል። እጁ መሰልቸቱን ትቶ ለምዶት ነበር።

በዚያ ሰሞን የደም ባንኩን ጨምሮ ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ተቀይረው ለትምህርት ቤት ሊሰጡ ሆነ። የሕሙማን ምስጢር እንዳይወጣ ዲስካቸው መጀመሪያ ይደመሰሳል፤ ከተደመሰሰ ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ቀኑ ዓርብ ተባለ። ማክሰኞ ዕለት ማናንግ መጡና፣ እንደ ልጃቸው ቶቶ ብለው የሚጠሩትን ኖንግ ዴልፊንን፣ "ቶቶ፣ ዝርዝሬን ከዓርብ በፊት ወደ ሰርቨሩ አሻግርልኝ። ለምትተካኝ ልጅ የማስረክባት ነገር እሱ ብቻ ነው" አሉት። እዚያው ፊት ለፊታቸው ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ሐሙስ ዕለት ማናንግ፣ የክርስትና ልጃቸው ሠርግ ስለደረሰ፣ እስከ ሰኞ ፈቃድ ወስደው ሊሄዱ ሆነ። ሲሄዱ አሥራ ሁለት ኢቦስ ይዘው ጎራ አሉ። ኖንግ ዴልፊን የሂሳብ ክፍልን በስልክ እያናገረ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ሽቦ ይፈልጋል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።

ማናንግ ለእግሩ፣ "ቶቶ፣ ነገ ስለማልኖር አስቀድሜ አመጣሁልህ። አመሰግናለሁ!" አሉት።

"እሺ ማናንግ!" አለ ከሥር።

ሲወጣ ኢቦሱን አየ። ደብተሩን ገለጠ፣ የማናንግን መስመር አገኘ፣ ሰረዘ። አራቱን ኢቦስ ለእኔ አቀበለኝ፣ ስምንቱን እሱ በላ። ዓርብ ጠዋት ደግሞ ስድስቱን ኮምፒውተሮች በተራ ደመሰሰ።

ሰኞ ማናንግ ስልክ ደወሉ። "ቶቶ፣ አዲሱ ኮምፒውተር ደስ ይላል። ዝርዝሬን የቱ ጋ ነው ያስቀመጥክልኝ?"

በግድግዳው በኩል የደብተሩን ገጾች በጥድፊያ ሲያገላብጥ ሰማሁ። ሄጄ በሩን ከፈትኩ። ደብተሩን የሐሙሱ ገጽ ላይ ዘርግቶ የተሰረዘውን መስመር በጣቱ እየነካ ቆሟል።

"አልሠራሁትም ኢንዳይ" አለኝ። "በልቼዋለሁ እንጂ አልሠራሁትም።"

ከዚያ አንድ ነገር አልኩ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። "ዲስኩ ቀድሞም ተበላሽቶ ነበር በላቸው። ያረጀ ነው፤ ማንም ያምንሃል።"

እውነትም ማንም ያምነው ነበር። በዚህ ሕንፃ ስለ ኮምፒውተር እሱ ያለውን የሚጠይቅ ሰው የለም። እሱ ግን ደብተሩን አንስቶ ግቢውን አቋርጦ ሄደ። ብቻውን መላክ ስለከበደኝ ተከተልኩት።

ማናንግ ፌሊሲንግ የነገራቸውን ሁሉ ሳያቋርጡት ሰሙት። ደብተሩን ተቀብለው መስመራቸውን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉ፤ መልሰውም አላደረጉትም።

"ስንቱን በላህ?" አሉት።

"ምኑን ማናንግ?"

"ኢቦሱን።"

"ስምንት።"

"አራቱስ?"

"እኔ ነኝ ማናንግ" አልኩ።

"እንግዲያው ሁለታችሁም ተቀመጡ" አሉ። "አሥር ቀን ነው የቀረኝ። ያንን ዝርዝር ሳላስረክብ ከዚህ ቤት አልወጣም።"

ከቁም ሣጥን በላይ የጫማ ካርቶኖች ነበሩ፤ ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት የነበሩት የወረቀት ካርዶች። እነሱን እኔ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ የተመዘገበውን ደግሞ ማናንግ ከራሳቸው ጭንቅላትና ከስልካቸው ሊያወጡ፣ ኖንግ ዴልፊን ሊጽፍ ተስማማን። በመጀመሪያው ጠዋት ግን ሦስት ስም ሳይጽፍ አምስት ጊዜ ተጠራ። አምስቱንም ጊዜ "እሺ" ብሎ ተነሳ።

በማግስቱ ማናንግ ወንበራቸውን አንስተው ወደ ኖንግ ዴልፊን ክፍል መጡና በሩ ላይ ተቀመጡ። ደብተሩን በገመድ አሥረው በሩ እጀታ ላይ ሰቀሉት፣ እስክሪብቶውንም አብረው።

ቀድማ የመጣችው ሉርዲታ ናት። "ማናንግ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ስክሪኔ ጨልሟል።"

"ጻፊው።"

"ልጻፈው?"

"በራስሽ እጅ። ስምሽን፣ ምን እንደሆነና መቼ እንደሚያስፈልግሽ።"

"እኔ እኮ ለመጻፍ ሳይሆን ለማልቀስ ነበር የመጣሁት።"

"አልቅሺና ጻፊ።"

ጻፈች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሳ መጥታ የራሷን መስመር ሰረዘችው። መሰኪያው ወልቆ ኖሯል። ያን ሳምንት እንዲህ ብለው የጻፉትን የሰረዙ ብዙ ነበሩ። ሦስት ሰው ደግሞ ደብተሩን ሲያዩ ምን ሊጠይቁ እንደመጡ ጠፋባቸው።

ሐሙስ ላይ ዳይሬክተሩ ዶክ ቪያሉስ ራሳቸው መጡ። ፕሪንተራቸው ነበር። ኖንግ ዴልፊን ድምፃቸውን ሲሰማ ወንበሩ ሲጢጥ አለ፤ ሊነሳ ነው።

ማናንግ ሳይዞሩ፣ "ተቀመጥ ቶቶ" አሉ። "ዶክ፣ ይጻፉት።"

"ፌሊሲንግ፣ እኔ ነኝ እኮ።"

"አይቼዎታለሁ ዶክ። እስክሪብቶው እዚያ ነው። ታካሚ የሚጠብቀው ሥራ ከሆነ ቶቶ አሁኑኑ ይነሳል። ነው?"

ዶክ ትንሽ አሰቡ። "የስብሰባ ወረቀት ነው" አሉ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ጻፉ። ፕሪንተሩ ከሰዓት በኋላ ተሠራ። ዶክም እንደማንኛችን መጥተው መስመራቸውን ሰረዙ። ያን ጊዜ ነው አዲሱ ሕግ የጸናው፦ መስመር የሚሰርዘው የጠየቀው ሰው ነው፣ ሥራውን በዓይኑ አይቶ። ምግብ አይሰርዝም።

የዚያኑ ሳምንት ኖንግ ዴልፊን መሰላል ተሸክሞ ግቢውን ሲያቋርጥ አየሁት። የደም ባንኩን ኬብል ቀጠለ። አሥራ አንድ ወር የተገለበጠው ሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው የፈጀው።

የስንብቱ ቀን ደረሰ። በካፍቴሪያው ፓንሲት የሚባለው ኑድል ተሠራ፣ ዶክ ቪያሉስ ንግግር አደረጉ፣ ሉርዲታ ዘፈነች። መጨረሻ ላይ ኖንግ ዴልፊን ደብተሩንና እስክሪብቶውን ይዞ ተነሳ። በገጹ አናት ላይ የማናንግ መስመር ተጽፏል። ሁላችንም ገባን፤ ማናንግ ሠላሳ አንድ ዓመታቸውን በዚያች ስረዛ ሊዘጉ ነው። ማጨብጨብ ጀመርን።

ማናንግ እስክሪብቶውን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። "ስንት ደረሰ?"

"ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባ አንድ ማናንግ።"

"ስንት ነበር ያስረከብኩህ?"

ጭብጨባው ቆመ። "ሦስት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት" አለ ቀስ ብሎ።

የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥመው መለሱለት። "እንግዲያው አላለቀም። ገልብጠው።"

ፊቱ ቀላ። ማናንግ ግን ተነስተው ክንዱን ያዙትና፣ "አንተ ነግረኸኛል ቶቶ። ሌላው ቢሆን ኮምፒውተሩ ላይ ያላክክ ነበር። ላልጨረስክልኝ ሥራ ጨርሰሃል ብዬ እኔም አልዋሽህም" አሉት።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ማናንግ ፌሊሲንግ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሚኖሩበት ከሳን ሆአኪን በጂፕኒ ታክሲ ይመጣሉ። በገበያ፣ በቀብር፣ በክርስትና ድግስ ያገኟቸውን ሰዎች ስም በኤንቨሎፕ ጀርባ ጽፈው ያመጣሉ። አንዳንዱ ስም አይመለስም፤ ሰውየው ሞቷል ወይም ወደ መርከብ ሥራ ሄዷል፣ እሱንም ለይተው ይጽፋሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ስድስት ስም ነበራቸው። ከረጢታቸው ውስጥ የዘንባባ ቅጠል ታየኝ። ኖንግ ዴልፊንም አይቶታል።

"እጅህን ሰብስብ" አሉት። ከዚያ ከረጢቱን በግድግዳው በኩል ዞረው ለእኔ ሰጡኝ። "ኢንዳይ፣ እስኪጨርስ ደብቂው። አንቺም እንዳትነኪው።"

እየሠራ ሳለ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። "ኖንግ፣ አንድ ደቂቃ..."

"አሁን አይሆንም፤ ደብተሩ ላይ ጻፈው" ሲል ሰማሁት። ድምፁ አሁንም ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነው፤ ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

ስድስቱን ስሞች ጻፈ፣ ማናንግ አንድ በአንድ አነበቡ፣ ከዚያ ኢቦሱን አወጣሁ። ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ሰባ ሰባት ደርሷል። ማናንግ እስክሪብቶውን አልነኩትም፣ እሱም አልዘረጋላቸውም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አዲስ ገጽ ከፈተ። የዳይሬክተሩ ፕሪንተር እንደገና ተበላሽቶ ተጽፏል፤ እሱን ወደ ሦስተኛው መስመር አወረደው። የማናንግ ፌሊሲንግን ዝርዝር ግን ከሁሉም በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ በእጁ ገለበጠው።