«በሳቅ ትፈርሳላችሁ» ያለው ሰው

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነጎድጓድ ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት ከድምፁ ነው እንጂ ከጠባዩስ አይደለም። እቤቱ ሲገባ ሚስቱ «ምን አልክ?» ብላ ሁለቴ ሳትጠይቀው የሚሰማ ቃል አይወጣውም። ማይክሮፎን ሲጨብጥ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሥራው ፊልም ማስተዋወቅ ነው። ጣሪያዋ ላይ ሁለት ድምፅ ማጉያ በሽቦ የታሰረባት፣ ግራና ቀኟ በፖስተር የተለበጠች አንዲት አሮጌ መኪና አለች። እሱ ከሾፌሩ አጠገብ ይቀመጥና ከገበያው እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው እየዞረ «ዛሬ በሲኒማ ቤታችን» ይላል።

የሚገርመው፣ ከሚያስተዋውቃቸው ፊልሞች አንዱን እንኳ ጨርሶ አይቶ አያውቅም። ሰው ፊልም በሚያይበት ሰዓት እሱ የሚቀጥለውን ተመልካች ሲጠራ ነው የሚውለው። አንዳንዴ ቢገባም ጨለማውና ለስላሳው ወንበር ወዲያው ያስተኙታል። ምን ብሎ እንደሚጠራ የሚነግረው አከፋፋዩ ነው። አከፋፋዩ ማለት ፊልሙን ከሠሪዎቹ ተረክቦ ለየሲኒማ ቤቱ የሚያዳርስ፣ ፖስተሩንም የሚያሳትም ሰው ነው።

በዚያ ሳምንት የመጣው ፊልም ላይ ዋናው ተዋናይ አገር የሚያውቀው ቀልደኛ ነበር። ፖስተሩ ላይ ጥርሱ እስከ መንጋጋው ይታያል። አከፋፋዩ «ሌላ ነገር አታብዛ፤ ‹በሳቅ ትፈርሳላችሁ› በል፣ ይበቃል» አለው። ነጎድጓድም እንደታዘዘው አለ። በገበያው አለ፣ በትምህርት ቤቱ በር አለ፣ በመጨረሻም እህቱ ቤት ሄዶ ያንኑ አለ።

ታላቁ ናት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች አፍንጫውን ጠርጋ ያሳደገችው እሷ ነች። ባሏ ከሞተ ዓመት ሊሆነው ነው። ሕመሙ ረጅም ስለነበረ ሐኪም ቤት ከአልጋው አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ብዙ ወራት ከረመች። ከቀብሩ ወዲህ ጥቁሯን እንደለበሰች ናት፤ የምትወጣውም ለአስቤዛ ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ ድሮ ያንን ቀልደኛ በቴሌቪዥን ሲያዩ ሳቃቸው ከጎረቤት ይሰማ ነበር። ነጎድጓድ ይህ ትዝ ብሎት ትኬት ይዞላት ሄደ።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሲኒማ ቤት ምን ልሠራ?» አለችው፤ የታጠበ አንሶላ እያጣጠፈች።

«ልትስቂ ነዋ፣ እትዬ።»

«ጥርሴ ናፈቀህ?»

«የቀሩትን ብቻ።»

«አንተ ልጅ፣ ምላስህ» አለችና የአንሶላውን ጫፍ ወረወረችለት፤ ያዘላት። አብረው አጠፉት። ከዚያ ቀና ሳትል «እውነት ያስቃል?» ብላ ጠየቀችው።

«እኔ አንቺን ልዋሽሽ?»

ሲኒማ ቤት ውስጥ ስልክ እንደሚዘጋ፣ መሐል ላይ ብትቀመጥ እንደሚሻል፣ ሁሉንም አስረዳት። የምትገባው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

ቅዳሜ ዕለት መኪናዋ መናኸሪያው አጠገብ በአውቶቡሶች ተከባ ቆማ ሳለች አንድ ሰው የነጎድጓድን መስኮት አንኳኳ። ትከሻው ላይ የእንጨት መሰላል ተሸክሟል።

«በሳቅ ትፈርሳላችሁ የምትለው አንተ ነህ?»

«ነኝ፣ ወንድሜ።»

«ትናንት ሚስቴን ይዤ ሄድኩልህ። እስካሁን ዓይኗ እንዳበጠ ነው። ቤቱን የለቅሶ ቤት አድርገህልኛል።»

«ምነው? ቀልደኛው አይደል እንዴ ያለበት?»

«እሱማ አለበት። ግን ታሞ ሐኪም ቤት ይገባል፣ ሚስቱ ታስታምመዋለች፣ ታስታምመዋለች፣ በመጨረሻ እዚያው አልጋው ላይ ይሞታል። ፊልሙ ይኸው ነው። አንተ ሳታየው ነው እንዴ የምትጮኸው?»

ሰውየው መሰላሉን አስተካክሎ ሄደ። ነጎድጓድ ሰዓቱን አየ፤ ፊልሙ ተጀምሯል። እህቱ ጋ ደወለ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ዝጊ ያላት ራሱ ነው። እንደገና ደወለ፣ እንደገናም። በዓይኑ ላይ የሐኪም ቤቱ የፕላስቲክ ወንበር መጣ፤ እህቱ እሱ ላይ ተቀምጣ ስታንጎላጅ ሻሿ ወደ ግንባሯ ሲወርድ።

ከዚያ አከፋፋዩ ጋ ደወለ። «ጌታዬ፣ ይህ ፊልም ለካ የሐዘን ነው።»

«እሱስ መቼ ጠፋኝ» አለ አከፋፋዩ፤ የሚያኝከው ነገር ነበረው። «በሐዘን ፊልም ማን ትኬት ይቆርጣል? እስከ ነገ አዳራሹ ካልሞላ ሲኒማ ቤቱ ፊልሙን ያወርድብኛል። አንዴ ከገቡ በኋላ ያልቅሱ፣ ምን ቸገረህ።»

ነጎድጓድ ስልኩን ዘጋው።

«መልሰኝ» አለው ለሾፌሩ። «ሲኒማ ቤት መልሰኝ።»

«ጋሼ፣ ዙሩን ገና አልጨረስንም እኮ።»

«እህቴ እዚያ ውስጥ ናት።»

ሾፌሩ ቀልደኛ ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ፊቱን አይቶ ቀልዱን ተወ። መኪናዋን አዙሮ በአውቶቡሶቹ መሐል አሾለካት። መንገዱ ግን ተዘጋግቷል። ነጎድጓድ እግሩን መሬት ላይ ይመታል፣ አንገቱን በመስኮት ያወጣል፣ ይመልሳል። የእህቱ ልብ ደካማ ነው። ሐኪሙ ጨው ቀንሺ፣ አትበሳጪ ብሏት የለ? ብትወድቅስ? በዚያ ጨለማ ማን ያያታል?

«በማይክሮፎኑ መንገድ ልቀቁልን ልበላቸው?» አለ ሾፌሩ።

«ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?»

«እሱስ ልክ ነህ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።»

ሲኒማ ቤቱ ገና በሩቁ ሲታይ ወርዶ ሮጠ። ሃምሳ ያለፈው ሰው ነው፤ ሲደርስ ትንፋሹ አጥሯል። በር ላይ ትኬት የምትቀበለው ሴትዮ ታውቀዋለች። «ጋሽ ነጎድጓድ፣ ዛሬ እንቅልፍህን እዚህ ልትጨርስ ነው?» አለችው። ሳይመልስላት መጋረጃውን ገልጦ ገባ።

ጨለማው ዓይኑን ያዘው። ከፊቱ ባለው ትልቅ ሸራ ላይ የሐኪም ቤት ክፍል፣ ነጭ አልጋ፣ የተንጠለጠለ የግሉኮስ ከረጢት ይታያል። ቀልደኛው ተጋድሟል። ጉንጩ ገብቷል፤ ፖስተሩ ላይ ያለው ጥርስ የለም። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ሰው ሲናፈጥ ብቻ ነው። ነጎድጓድ ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱን ረድፍ እያየ ወረደ። አንዱ «ሰውዬ፣ ቁጭ በል» አለው። የሰው ጫማ ረገጠ፤ ይቅርታ ጠየቀ። መሐል ላይ፣ እሱ እንደነገራት፣ ጥቁር ሻሽ አየ።

አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ጎንበስ ብሎ «እትዬ፣ ተነሺ እንውጣ» አላት።

ዘወር ብላ አላየችውም። «ቁጭ በል፤ ከኋላ ያሉትን ትከልላለህ።»

ተቀመጠ። ፊቷን በሸራው ብርሃን ሰረቅ አድርጎ አየው። አታለቅስም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ አልጋውን ትመለከታለች፤ ሥራ ላይ እንዳለች ሴት። ሸራው ላይ ያለው ሰው ማሳል ጀመረ። ሚስቱ እጁን ይዛ ታለቅሳለች።

«ትራሱን ከፍ ብታደርግለት እኮ ይተነፍስ ነበር» አለች እህቱ ቀስ ብላ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ማንም አልነገራትም» አለች።

ያን ጊዜ እንባዋ ወረደ። ነጎድጓድ መሐረቡን አወጣ፤ ተቀበለችው። የእሱም ዓይን ስለሞላ መሐረቡ ሳይመለስለት በእጅጌው ጠረገ። የዚያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደውም።

መብራት ሲበራ ሰው ሁሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ወጡ። ደረጃው ላይ ክንዱን ያዘች። ስድቧን ይጠብቅ ነበር፤ ቢመጣለት ደስ ባለው።

«እትዬ፣ አላወቅሁም ነበር። በእግዜር።»

«አውቃለሁ። ብታውቅ መች ትልከኝ ነበር።» ፖስተሩ ፊት ቆም አለችና የሳቀውን ፊት አየችው። «ማየቱን አልጠላሁትም፣ ማሙዬ። ሳይነግሩኝ መግባቱ ነው የጎዳኝ። አልጋውን ሳይ ልቤ ቀጥ አለች፤ በሩ የት እንደሆነ እንኳ ጠፋኝ። ደግሞ አጠገቤ ማንም አልነበረም።»

እስከ ታክሲው ሸኛት።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀው ነበር። የማታው ትዕይንት ሰው ይፈልጋል። ገበያው መግቢያ ላይ ሲደርሱ ነጎድጓድ ማይክሮፎኑን አነሳ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ መልሶ አስቀመጠው። እንደገና አነሳው።

«ዛሬ በሲኒማ ቤታችን» አለ። ድምፁ እንደወትሮው አልነበረም፤ እቤቱ የሚናገርበት ድምፅ ነው በሁለቱ ማጉያ የወጣው። «ፊልሙ ስለ አንድ የታመመ ሰውና ስለምታስታምመው ሚስቱ ነው። ያስለቅሳል። ሐዘን ያለበት ሰው ብቻውን አይምጣ።»

አንዲት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ቀና ብላ መኪናዋን አየች። ሌሎቹ እንደወትሮው ዋጋ ይከራከራሉ። ማን እንደሰማ፣ ማን እንዳልሰማ አልታወቀም።

«ጋሼ» አለ ሾፌሩ፣ «በዚህ አጠራር እኛንም ከፊልሙ ጋር ነው የሚያወርዱን።»

ወዲያው የነጎድጓድ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። አወጣና አየው፤ አከፋፋዩ ነው። ቤት ኪራዩ፣ የልጁ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡበት።

«አታነሳውም?»

«አነሳዋለሁ» አለ ነጎድጓድ፤ ላቡን እየጠረገ። «እስከ መናኸሪያው ንዳ። መጀመሪያ እዚያ ያሉት ይስሙ።»