ያላጠፋሁት ደወል

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን አሮጌ የጡብ ቤት ነው። ልንገዛው ስናየው ባለቤቴ ጓሮውን ተመለከተች፤ እኔ ኬብል የማሳልፍባቸውን ግድግዳዎች ተመለከትኩ። ሥራዬ የኮምፒውተር ኔትዎርክ መዘርጋትና መጠገን ስለሆነ፣ ቀን ለሰው የምሠራውን ማታ ለራሴ ስሠራ እንደ መዝናናት ይቆጠርልኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ መብራቱ፣ ማሞቂያው፣ የበሩ ቁልፍና የጋራዡ በር ቤዝመንት ውስጥ ካስቀመጥኳት ትንሽ ኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቀበሉ ሆኑ።

ጣጣው ብዙ ነው። መታጠቢያ ቤት ትንሽ የቆየ ሰው መብራቱ ይጠፋበታል። መብራቱ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ሲንቀሳቀስ ብቻ ስለሆነ እጅን እያወዛወዙ መቀመጥ ግድ ነው። እኛ ለምደነዋል፤ እንግዳ ግን ይደነግጣል። ባለቤቴ "ማብሪያ መጫን ምን አድርጎህ ነው?" ትለኛለች። ደስታም ግን አለው። አንድ ቀን የልብስ ማጠቢያው ቱቦ ሲያፈስ፣ ወለሉ ላይ ያስቀመጥኳት የውሃ መጠቆሚያ ሥራ ቦታዬ ድረስ ስልኬ ላይ አሳወቀችኝና ምንጣፉ ዳነ። ሳምንቱን ሙሉ ስለ እሷ ሳወራ ባለቤቴ ለሰው ሁሉ "አዲስ ልጅ ወልዷል" እያለች አሾፈችብኝ።

ከሁሉ የምኮራው በበሩ ደወል ነበር። ካሜራ አለው። ሰው ደረጃው ላይ ሲወጣ፣ ወጥ ቤት ማቀዝቀዣው አጠገብ የሰቀልኩት ታብሌት ምስሉን ያሳያል፤ መጀመሪያ በሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ ይናገር ነበር። የሴትዮዋ ድምፅ አልጣመኝምና በራሴ ድምፅ ቀየርኩት። "እንግዳ መጥቷል! ተነሱ፣ ቤት ያፈራውን አቅርቡ!" ብዬ እየሳቅሁ ነው የቀዳሁት። ፖስታ አመላላሹም ቢመጣ አጋዘን ደረጃው ላይ ቢወጣ ያው እኔ እጮሃለሁ። ደግሞ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል። ይህን ቤታችን ለመጣ ሰው ሁሉ አስረድቻለሁ፤ ጠይቆኝ የሚያውቅ ግን የለም።

በብርዱ ወራት አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ የሚኖረው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሥራ ቦታ ደወለልኝ። አባታቸው አዳማ ላይ አርፈዋል።

"እሷ አልሰማችም አይደል?" አለኝ።

"አልሰማችም።"

"ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሽማግሌ ጋር እንመጣለን። እስከዛ ማንም ኮል እንዳያደርግላት፣ ስልኳ ላይም ምንም እንዳታይ። ያ የአንተ ሥራ ነው።"

ይህን የሚለኝ በምክንያት ነው። አያታቸው የሞቱ ጊዜ ባለቤቴ የሰማችው ብቻዋን ነበር። ከሥራ ስትመለስ ባቡር ውስጥ ስልኳን ስትከፍት፣ አንድ ዘመድ የአያቷን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎ አየች። በማታውቃቸው ሰዎች መሃል ቆማ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ወንድሟንም እኔንም አስቀምጣ "ሁለተኛ መርዶ እንዲህ አታሰሙኝ" ብላናለች። መርዶ ወገን ተሰብስቦ በማለዳ መጥቶ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ቆሞ እንዲነገራት ነው የፈለገችው። እኔም ቃል ገብቼላታለሁ።

ቤት እንደገባሁ ቀጥታ ቤዝመንት ወርጄ ከውጭ የሚገባውን የኢንተርኔት ኬብል ነቀልኩ። ልጃችን ከላይ "ዳድ፣ ዋይፋዩ ዳውን ነው" አለች። "እየሠራሁት ነው" አልኳት። ቀጥሎ ባለቤቴን ስልኳን ጠየቅኳት።

"ስጪኝ አፕዴት ላድርግልሽ። እስከ ጠዋት ይቆያል።"

"ደግሞ ጀመረህ?" አለችና ሰጠችኝ። ስንት ዓመት በዚህ ነገር ስላሰለቸኋት ምንም አልጠረጠረችም።

ራት ላይ "አባባ ሳል ይዟቸዋል አሉኝ፤ ቅዳሜ እደውልላቸዋለሁ" አለች። ሳህኔን አንስቼ ወደ ማጠቢያው ሄድኩ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር በሆዱ ይዞ ከሚስቱ ጎን እንዴት እንደሚያድር አላውቅም ነበር። አደርኩ።

ጠዋት መንገዱ ላይ መኪና ማቆሚያ ስለማይገኝ፣ የእኔን መኪና ከግቢ አውጥቼ ለመርዶ ነጋሪዎቹ ቦታ ልልቀቅ ብዬ በጋራዡ በኩል ወጣሁ። ባለቤቴ ተኝታ ነበር። ጠዋት የሚቀሰቅሳት ግን ስልኳ ነው፤ ስልኳ ደግሞ እኔ ጋ ነው። ሥራ እንዳይረፍድባት ሰግታ ቀድማ ተነስታ፣ ስልኳን ፍለጋ ወጥ ቤት መውረዷን አላየሁም።

መኪናውን ከታች አቁሜ ስመለስ አራቱ ደረጃውን እየወጡ ነበር፦ ወንድሟ፣ የዕድራችን ሊቀመንበር የሆኑት አዛውንት፣ ከካፖርታቸው በላይ ነጠላ ያጣፉ ሁለት ሴቶች። በዚያ ጸጥታ ውስጥ በወጥ ቤቱ መስኮት የራሴ ድምፅ እየሳቀ ጮኸ። "እንግዳ መጥቷል! ተነሱ፣ ቤት ያፈራውን አቅርቡ!"

አዛውንቱ ዞረው አዩኝ።

"ማነው የሚጮኸው ልጄ?"

"እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ኬብሉን ስነቅል፣ ደወሉ ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራ አልታወሰኝም። ለሰው ሁሉ ሳስረዳ የኖርኩት ሰውዬ ረሳሁት። በራሴ በጣም ተናደድኩ፤ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በሩ ተከፈተ። ባለቤቴ በፒጃማ፣ በባዶ እግሯ ቆማለች። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። ወንድሟን ታብሌቱ ላይ ስላየችው የሞተው እሱ እንዳልሆነ አውቃለች።

"አባባ ናቸው ወይስ እማማ?" አለችው።

አዛውንቱ ሲያዘጋጁት ያደሩት ንግግር ነበራቸው፤ ሳይጀመር ቀረ። ወንድሟ "አባባ ናቸው" አላት። ስትወድቅ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ያዟት።

ሦስት ቀን ሙሉ ከአካባቢው ከተሞች፣ ከፎልስ ቸርች፣ ከሎረል፣ ከሀያትስቪል ሰው ጎረፈ። የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም፤ የእኔ በር ግን በየግማሽ ደቂቃው ራሱን ይቆልፋል። ምግብ የተሸከሙ ሰዎች ብርድ ላይ ቆመው ሳገኝ፣ የቁልፉን ባትሪ አውጥቼ በሩን በጫማ ደገፍኩት። ማሞቂያው "በር ተከፍቷል" እያለ ስልኬ ላይ ሲነዘንዘኝ ማስጠንቀቂያውን ዘጋሁበት። ድምፄንማ በዚያው ጠዋት ደምስሼዋለሁ።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ፖስታ መጣ። ታብሌቱ ምስል ብቻ አሳየ።

"ድምፅህ የት ሄደ?" አለችኝ ባለቤቴ።

እስከዚያ ቀን ይቅርታ ያልጠየቅኳት ፈርቼ ነው። የኬብሉንም የስልኳንም ነገር ነገርኳት። "የባቡሩ ነገር እንዳይደገም ብዬ ነበር። ይኸው በእኔ ምክንያት ከስክሪን ሰማሽ" አልኳት።

 ካሜራው የዚያን ጠዋት የቀረጸው መኖሩን ጠየቀችኝ። ነበር። አውጥቼ አሳየኋት። ካሜራው ከግቢው መግቢያ ጀምሮ ስለሚቀርጽ ከደረጃው በታች ያደረጉትም ገብቷል። አዛውንቱ መሐረባቸውን አውጥተው ለወንድሟ ሲሰጡት ይታያል። ከሴቶቹ አንዷ "አንቺ በግራ ያዣት፣ እኔ በቀኝ እይዛታለሁ" ስትል ይሰማል። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አየችው።

"ከስክሪን አልሰማሁም" አለችኝ። "ባቡር ውስጥ ያየሁት ሻማ ነበር። እዚህ ያየሁት ሰው እንደመጣልኝ ነው።"

ከዚያ "ቤቱ ዝም አለብኝ፣ ድምፅህን መልሰው" አለችኝ። ቤዝመንት ወርጄ ማይክሮፎኑን ከፈትኩ። እንደ በፊቱ ልስቅ ሞክሬ አልሆነልኝም። "ሰው መጥቷል" ብቻ ብዬ ቀዳሁት።