ሮብሌ ደጅ ነበር

ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ነው የምነግራችሁ። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን በየጾሙ ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ውጬው ኖሬያለሁ።

ያኔ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጸሐፊ ነበርኩ፤ በደብራችንም ዲያቆን። ፈረንሳይኛ ስለምችል፣ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናትን በፊልም የሚያነሱ ሦስት ፈረንጆች በባቡር ሲመጡ አስተርጓሚ አድርገው ያዙኝ። መኪና ሲፈልጉ ጓደኛዬን ሮብሌን አመጣሁላቸው። ሮብሌ ሱማሌ ነው፣ እስላም። ያደግነው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስቱን ቀን ከአጠገቤ አልተነሣም።

የደብሩ አለቃ የፈቀዱት ቅጥሩንና የግድግዳውን ሥዕል ብቻ ነበር። መቅደሱ እንደማይነካ አስጠንቅቀው ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ፤ አምነው። በሁለተኛው ቀን ካሜራ የያዘው ፈረንጅ ካባ ለብሼ የመቅደሱን መጋረጃ ስገልጥ ሊያነሳኝ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ማንም ወደ ውስጥ እንደማይገባ ማለልኝ። ፊትህን ፓሪስ ያየዋል አለኝ።

ለሮብሌ ብነግረው መኪናውን ተደግፎ ራሱን ነቀነቀ።

"ዋሪያ፣ ተው አቦ! ሽማግሌው አምነውሃል እኮ። እኔ እንኳ ደጃችሁን አክብሬ እዚሁ ቆሜያለሁ።"

አልሰማሁትም። ካባውን ለበስኩ። መጋረጃውን ገለጥኩ፤ እኔ፣ በገዛ እጄ። ፈረንጁ ካሜራውን ታቅፎ ከነጫማው አልፎኝ ገባ። ለምን አልጮህኩም? ለምን ክንዱን አልያዝኩም? ልንገራችሁ፦ ካሜራው ወደ እኔ እስኪዞር እየጠበቅኩ ነበር።

በማግስቱ ተሳፍረው ሄዱ። የጫማው ዱካ ግን ምንጣፉ ላይ ቀረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ቅጥሩን ሞላው። አለቃው በሁሉ ፊት ማን እንዳስገባቸው ጠየቁኝ።

"ቁልፉን ለሾፌሩ ትቼ ምሳ ሄጄ ነበር። እሱ ነው ያስገባቸው" አልኩ።

ሮብሌን አስጠርተው በሩ ላይ አቆሙት። አልጮኸም፣ አልማለም። ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ "እሱ ያውቃል፤ እሱን ጠይቁት" አለ። እውነቱን እንደምናገር አልተጠራጠረም። ደግመው ጠየቁኝ። ደግሜ ዋሸሁ። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ቁጣ አላየሁም። የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ ነበር ያየኝ።

ከዚያ ወዲያ ጭነት የሚሰጠው ነጋዴ ጠፋ። የቤቱ ባለቤት "ልቀቅልኝ" አለው። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከከተማው ወጣ፤ ጀልዴሳ ገባ። እኔስ? እኔ ቅስና ተቀበልኩ።

አንድ ጊዜ መልካ ጀብዱ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። አንዲት ሴት መስቀሌን ስትሳለም ሮብሌ ቆሞ ጠበቀ። ስትሄድ "እማማ ደህና ናቸው?" አለኝ። "እናቴ ደህና ናት" አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። መንገዱን ቀጠለ።

ፈረንጁ ከድቶኛል፤ እውነት ነው። ሮብሌን ግን ፈረንጅ አልከሰሰውም። የከሰስኩት እኔ ነኝ፣ ሁለት ጊዜ። ልጅነት ነው አልልም፤ ፈርቼ ነው አልልም። እናንተን ይቅርታ ብጠይቅም ከሱ መሸሼ ነው፤ ሮብሌ በሕይወት አለ። ወደ ጀልዴሳ የሚሄድ መኪና በየጠዋቱ ይነሣል። እስከ ዛሬ አልተሳፈርኩም።