ቀይ ምልክት የሚደረግበት ቃል

በዚያ ክፍል ውስጥ ደሞዝ የሚከፈላት ተማሪ እኔ ብቻ ነበርኩ። ፕሮግራሙ አዲስ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው በቀጥታ ክፍል ተሰጥቶት ከሚደናበር፣ አንድ ዓመት ሙሉ ደሞዝ እየተከፈለው ከአንጋፋ አስተማሪ ጎን ሆኖ ሥራውን ይልመድ ተባለ። ለእኔ ልደታ ያለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደረሰኝ፤ አምስተኛ ክፍል፣ ሒሳብ። ወረቀት ላይ «ተለማማጅ መምህርት» እባላለሁ። ልጆቹ ግን ሳምንት ሳይሞላኝ «ትንሿ ቲቸር» አሉኝ። ትልቋ ቲቸር መካሪዬ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ ሲስቁ ጥርሳቸው የማይታይ ሴት።

መካሪ የሌለው ንጉሥ ያላንድ ዓመት አይነግሥ ይባላል። የእኔ መንግሥት ግን ከነመካሪው የተፈቀደለት አንድ ዓመት ብቻ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ከበላይ አካል ገምጋሚዎች መጥተው ሳስተምር ያዩኛል፣ መካሪዬ ይፈርማሉ፣ እኔም እመደባለሁ። ካልፈረሙ ዓመቱን እደግማለሁ። ተማሪ ሲደግም አይተናል፤ አስተማሪ ሲደግም ግን በእኛ ኮንዶሚኒየም ታይቶ አይታወቅም። እናቴ ደግሞ ገና በመስከረም ለብሎኩ ሁሉ «ልጄ አስተማሪ ሆነች» ብላ ጨርሳለች። ይሄ እንዳይበቃ ለልደታ ማርያም ጥላ ተስላለች። ደረጃ ላይ ያገኘኝ ጎረቤት ሁሉ «ተመደብሽ?» ይለኛል፤ እኔም ወደ አራተኛ ፎቅ የምቸኩል እመስላለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ያስተማርኩት ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ፊቴ ይቀላል። ሰሌዳው ላይ ክፍልፋይ ጽፌ፣ አብራርቼ ዞር አልኩና «ገባችሁ?» አልኩ። «አዎ ቲቸር!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። መስኮቱ ነዘረ። ሌላ ጻፍኩ፤ «ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!» ለማስተማር የተፈጠርኩ መሰለኝ። አንደኛው ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ጸጉሯን ሁለት ቦታ የተሠራች ልጅ ደግሞ ከሁሉም በላይ ትጮህ ነበር። በልቤ ጎበዝ ብዬ መዘገብኳት።

በእረፍት ሰዓት መካሪዬ ሻይ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። አንዲት ትንሽ ደብተር ገለጡ፤ ገጹ በቀይ ምልክት ተሞልቷል።

«ልጄ፣ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ‹ገባችሁ› ብለሻል።»

«እሺ ቲቸር» አልኩ፤ ሙገሳ መስሎኝ።

«አሥራ ዘጠኝ ጊዜም አዎ ብለውሻል። እንግዲያው ሥራሽን ጨርሰሻል፤ እኔም ወደ ቤቴ ልሂድ?» ሻያቸውን ፉት አሉ። «የገቡት እነሱ ናቸው፤ ክፍል ገብተዋል። ትምህርቱ መግባቱን በምን አወቅሽ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉ ተከለከለ። አንድ ቃል ሲከለከል ሰው ምን ያህል ድሃ እንደሆነ ያን ጊዜ አየሁ። «ግልጽ ነው?» አልኩ፤ ከኋላ ወንበር የመካሪዬ ቀይ ምልክት። «አይደል?» አልኩ፤ ምልክት። አንድ ቀን «እሺ?» ብዬ ልሾልክ ሞከርኩ። «እሷም ያችው ናት፤ ቀሚስ ቀይራ ነው የመጣችው» አሉኝ። የእሳቸው ጥያቄ ሌላ ነበር። ልጁ ዘንድ ሄደው፣ ጎንበስ ብለው፣ «የቱ ጋ ጠፋብህ?» ይሉና ዝም ይላሉ። ዝምታው ሲረዝም እኔን ነበር የሚያልበኝ።

የሚገርመው፣ እኔን መክረው ሲጨርሱ እሳቸውም «ገባሽ?» ይሉኛል። እኔም «አዎ» እላለሁ። ያኔ ግን ደብተሯ አትገለጥም።

ግንቦት ደረሰ፤ የግምገማው ቀን ተቆረጠ። በዋዜማው ርዕሰ መምህሩ ክራቫታቸውን አስተካክለው ክፍላችን ገቡ። ልጆቹ ብድግ አሉ።

«ነገ እንግዶች ይመጣሉ። ስትጠየቁ ሁላችሁም ‹ገብቶናል› ትላላችሁ። ገባችሁ?»

«አዎ!» አለ ክፍሉ። መካሪዬ ጣራውን አዩ።

በማግስቱ ሁለት ገምጋሚዎች ፎርም ይዘው ከኋላ ተቀመጡ። ከጌጃ ሰፈር ዳቦ ቤት ሁለት ክብ ዳቦ ገዝቼ በቦርሳዬ ይዣለሁ፤ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛን ላወዳድርበት። ግን ፈራሁ። እንግዳ ፊት ዳቦ ማውጣት ነውር መሰለኝና በሰሌዳ ብቻ አስተማርኩ። ቃሏንም ሳልናገር ወደ መጨረሻው ደረስኩ። አምስት ደቂቃ ሲቀር አንደኛው ገምጋሚ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ልጆች፣ ትምህርቱ ገብቷችኋል?»

«አዎ!»

ልቤ መለስ አለ። ይሄኔ ነው ከአንደኛው ወንበር እጅ የወጣው። ያቺው ጯሂዋ ልጅ ናት።

«እኔ አልገባኝም» አለች።

ርዕሰ መምህሩ አሳላቸው። እናቴን አሰብኩ፣ ጥላውን አሰብኩ፣ ደረጃውን አሰብኩ። በዕቅዴ መሠረት አሁን ማጠቃለያ ነው፤ አጠቃልዬ መውጣት እችል ነበር። ሄጄ ጎንበስ አልኩ።

«የቱ ጋ ጠፋብሽ?»

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ገምጋሚው ሰዓቱን አየ።

«አራት ከሦስት አይበልጥም እንዴ?» አለች በመጨረሻ። «አንድ አራተኛ ለምን ያንሳል?»

ይሄ የመስከረም ትምህርት ነው። ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ከሁሉም በላይ «አዎ» ስትል የከረመችው ይህን ይዛ ነው። አፈርኩ፤ በእሷ ሳይሆን በራሴ። ቦርሳዬን ከፍቼ ዳቦዎቹን አወጣሁ። አንዱን ለሦስት፣ አንዱን ለአራት አስቆረጥኳት።

«ከየትኛው ብትካፈይ ይሻልሻል?»

«ከሦስቱ።» ቁራሹን አየችው፣ ሰሌዳውን አየችው። «ውይ!» አለችና ሳቀች። ደወሉ የተደወለው እኛ ገና ዳቦ ላይ ሳለን ነው።

ከዚያ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተሰበሰብን። ገምጋሚው ከፎርሙ አነበበልኝ። «የተማሪዎችን ግንዛቤ ከግብ ተኮር ምዘና አንጻር በተቀመጠው ጊዜ የማረጋገጥ ክፍተት ታይቶባታል።» ከዚያ ቀና አለ። «አስተያየቱ ገብቶሻል?»

«አዎ» አልኩ።

ከአፌ ሮጦ ነው የወጣው። መካሪዬ ቀስ ብለው ደብተሯን ከቦርሳቸው አወጡ፤ ከጠረጴዛው በላይ፣ ሁሉም እያየ፣ አንድ ቀይ ምልክት አደረጉ። የሚፈርሙበት ወረቀት ፊታቸው ተቀምጧል። አልነኩትም።

«የቱ ጋ ነው የገባሽ?» አሉኝ።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የደፈረችውን እኔ ደሞዝ እየተከፈለኝ አልደፈርኩም ነበር።

«አልገባኝም» አልኩ። «ልጅቷ አልገባኝም አለች፣ መልሼ አስረዳኋት፣ ገባት። ክፍተቱ የቱ ጋ እንደሆነ አልገባኝም።»

ገምጋሚው ፎርሙን ወደ ራሱ አዙሮ እንደገና አነበበው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ለጓደኛው አቀበለው፤ ጓደኛው አንብቦ ለርዕሰ መምህሩ አቀበለ። ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን ፈለጉ። ለአንዳቸውም እንዳልገባቸው ያን ጊዜ ገባኝ። መካሪዬ ማንንም ሳይጠብቁ ፈረሙ።

ደረጃውን ስንወርድ ላመሰግናቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን አላዩኝም፤ ሜዳው ላይ ኳስ የሚራገጡትን ልጆች ነበር የሚያዩት።

«እኔ ሳስተምር እንግዳ ፊት ‹አልገባኝም› ያለ ልጅ አንድም የለም» አሉ። «ሠላሳ ዓመት። ‹ገባችሁ?› ስል ሁሉም ‹አዎ› ነበር የሚሉኝ። እኔ ደግሞ ደብተሯን የጀመርኳት አምና ነው፣ አንቺ ትመጫለሽ ሲሉኝ።» «ያ ሁሉ ልጅ…» ብለው ተዉት።

ገባኝ እንዳልላቸው፣ ቃሉ ክልክል ነው።